ስንዴ፣ ጤፍና ቁልቋል፦ ካርቦንን የመያዣ ሦስት መንገዶች

በፎቶሲንተሲስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይዞ ወደ ስኳር የሚወስደውን መንገድ የሚያስጀምረው ሩቢስኮ የተባለ ኤንዛይም ነው። በስንዴም፣ በጤፍም፣ በቁልቋልም ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን ሁለት እንከን አለበት። አንደኛ፣ እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ በሰከንድ የሚይዘው ጥቂት ሞለኪውል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንዴ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅን ይይዛል፤ ያኔ ተክሉ አስቀድሞ ካፈራው ካርቦን ከፊሉን መልሶ ያጣል። ፎቶሬስፒሬሽን የሚባለው ይህ ብክነት ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይብሳል። ዕፅዋት በሦስት መንገድ የተከፈሉትም ይህን እንከን በሚቋቋሙበት ዘዴ ነው።

የመጀመሪያው ሲ3 ይባላል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ሩዝ፣ ቡናና እንሰትን ጨምሮ አብዛኛው ተክል በዚህ ይመደባል። ሩቢስኮ ካርቦኑን በቀጥታ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ውጤትም ሦስት ካርቦን ያለው ውሁድ ነው። ሜልቪን ካልቪን ከባልደረቦቹ ጋር በበርክሌይ፣ ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ለአልጌ እየሰጠ ሂደቱን ደረጃ በደረጃ ተከታተለ፤ በ1961 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። መንገዱ ጉልበት ቆጣቢ በመሆኑ ለቀዝቃዛና እርጥብ ስፍራ ይስማማል። በሙቀትና በድርቅ ግን ተክሉ ውሃ እንዳያጣ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ሲዘጋ፣ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንሳል፤ ብክነቱም ይጨምራል።

ሁለተኛው ሲ4 ነው፤ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና ሸንኮራ አገዳ ይከተሉታል። ተመራማሪዎቹ ሃችና ስላክ በ1966 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ በሸንኮራ አገዳ ላይ እንዳብራሩት፣ ሥራው በሁለት ዓይነት ሕዋሳት ይከፈላል። በውጭዎቹ ውስጥ ኦክስጅን የማያሳስተው ሌላ ኤንዛይም ካርቦኑን ይዞ አራት ካርቦን ያለው አሲድ ያደርገዋል። አሲዱ የቅጠሉን ጅማቶች ወደከበቡት ሕዋሳት ገብቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ሩቢስኮም እዚያ ክምችቱ ላይ ይሠራል። በዚህ የተነሳ ተክሉ ቀዳዳዎቹን እምብዛም ሳይከፍት ስኳር ያመርታል፤ ውሃ ይቆጥባል። ተጨማሪ ጉልበት ስለሚጠይቅ ግን በብርድና በጥላ ብልጫው ይጠፋል። ከአበባ ዕፅዋት ዝርያዎች 3 በመቶ ያህሉ ብቻ በዚህ ቢጠቀሙም፣ በየብስ ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ ሩብ ያህሉ የእነሱ ነው። መንገዱም ከ60 ጊዜ በላይ ለየብቻው እንደተፈጠረ ይታመናል።

ሦስተኛው ካም ሲሆን ቁልቋል፣ የቁልቋል በለስ፣ እሬትና አናናስ ይጠቀሙበታል። ሲ4 ሥራውን በቦታ ሲከፍል፣ ካም በጊዜ ይከፍለዋል። ቀዳዳዎቹ በቀዝቃዛው ሌሊት ተከፍተው የገባው ካርቦን ማሊክ አሲድ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ቀን ቀዳዳዎቹ ተዘግተው ከአሲዱ የሚለቀቀው ካርቦን ለሩቢስኮ ይቀርባል። የውሃ ቁጠባው ከሁሉም ይልቃል፤ የሌሊቱ ክምችት ግን የተወሰነ ስለሆነ ዕድገቱ ብዙ ጊዜ ዝግ ይላል።

በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በሚሊዮን 280 ገደማ ተነስቶ ዛሬ ከ420 አልፏል። ጭማሪው በቀጥታ የሚጠቅመው ይበልጡን ሲ3 ተክሎችን ነው፤ ሙቀቱና ድርቁ ደግሞ ለሲ4ና ለካም ያደላል። ስለዚህ የትኛው ሰብል የተሻለ እንደሆነ የሚወስነው የካርቦኑ መጠን ብቻ ሳይሆን የማሳው ሙቀትና ውሃም ጭምር ነው።