ከከተማ ወረቀት የሚቀናበር ረቂቅ ኮላዥ፦ የኩርት ሽቪተርስ አሠራር

ኮላዥ የሚባለው የሥነ ጥበብ ዘዴ ሠዓሊው ወረቀት፣ ጨርቅና ሌላም ቁሳቁስ እየቆራረጠ በጠፍጣፋ መደብ ላይ በመለጠፍ ሥዕል የሚያቀናብርበት ነው። ቅንብሩ ሰውን፣ ቤትን ወይም ዛፍን እንዲመስል ሳይሆን ቅርጽ፣ ቀለምና መስመር እርስ በርሳቸው በሚፈጥሩት ግንኙነት ብቻ እንዲናገር ሲደረግ ረቂቅ ኮላዥ ይባላል። ዘዴው በዘመናዊ ሥዕል ውስጥ ቦታ የያዘው ፓብሎ ፒካሶና ዦርዥ ብራክ እ.ኤ.አ. በ1912 ፈረንሳይ ውስጥ የታተመ ወረቀት በሥዕሎቻቸው ላይ መለጠፍ ከጀመሩ ወዲህ ሲሆን፣ የከተማን ኑሮ በከተማው በራሱ ወረቀት በመግለጽ ረገድ ግን ጀርመናዊውን ኩርት ሽቪተርስን የሚስተካከል ጥቂት ነው።

ሽቪተርስ እ.ኤ.አ. በ1887 በሐኖቨር ከተማ ተወለደ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈት በኋላ አገሩ በሥራ አጥነትና በገንዘብ መርከስ ስትናወጥ፣ የቀድሞው ሥርዓት ስለ ተሰባበረ አዲሱ ከስብርባሪው መሠራት አለበት የሚል እምነት አደረበት። በዚህም መነሻ የትራም ትኬት፣ የከረሜላ መጠቅለያ፣ የጋዜጣ ቅዳጅ፣ ፖስታና ቴምብር ከመንገድና ከቆሻሻ ማጠራቀሚያ እየለቀመ ያቀናብር ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ለሥራዎቹ የሰጠው “ሜርዝ” የተሰኘ መጠሪያም ከአንድ ባንክ የታተመ ማስታወቂያ ላይ ተቆርጦ የቀረ የቃል ቁራጭ ነበር።

የአሠራሩ ዋና ነገር ቁራጮቹን ማሰባሰብ ሳይሆን ማደራጀት ነው። ሽቪተርስ ከዱቄትና ከውሃ የተበጀ ማጣበቂያ በመደቡ ላይ ቀብቶ፣ ማጣበቂያው ሳይደርቅ ቁራጮቹን በጣቶቹ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተተ ትክክለኛ ቦታቸውን ይፈልግላቸው ነበር። ጠርዙ እንዴት እንደ ተለየም በቅንብሩ ላይ ለውጥ ያመጣል፤ በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ጥርት ያለ መስመር ሲሰጥ፣ በእጅ የተቀደደው ግን የውስጥ ቃጫውን ስለሚያሳይ፣ ፊቱ ባለ ቀለም ከሆነ ዳር ዳሩን ነጭ ያወጣል። ከዚህም በላይ በማሽን የተመረተ ወረቀት ቃጫው በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ በመሆኑ፣ በዚያው አቅጣጫ ሲቀደድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በአግድሙ ሲቀደድ ግን ይንሻፈፋል።

በእንዲህ ዓይነት ኮላዥ ውስጥ ያለ አንድ የትራም ትኬት ከሩቅ ሲታይ ቀለሙ የደበዘዘ ትንሽ አራት ማዕዘን ብቻ ሆኖ አጠገቡ ካለው ደማቅ ቁራጭ ጋር ሚዛን ይጠብቃል፤ ቀረብ ብለው ሲመለከቱት ግን ቁጥሩና ጽሑፉ ይነበባሉ፣ አንድ ሰው ዋጋ ከፍሎ የሄደበት መንገድ መኖሩም ይታወቃል። በላዩ ላይ ሌላ ወረቀት ተደርቦ ቃሉ ከመካከል ሲቋረጥ ንባቡ ይቆምና ዓይን ወደ ፊደሉ ቅርጽ ይዞራል። የሥራው ጥንካሬ ቁራጩ በአንድ ጊዜ ቀለምም ምስክርም በመሆኑ ላይ ነው።

ቁሳቁሱ ግን በቀላሉ የሚጎዳ ነው። የጋዜጣ ወረቀት በአብዛኛው ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ፣ ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ንጥረ ነገር ከብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኝ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፤ ሙዚየሞች እነዚህን ሥራዎች በደብዛዛ ብርሃን የሚያሳዩትም ስለዚህ ነው።

የናዚ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 የሽቪተርስን ሥራዎች “የተበላሸ ጥበብ” ብሎ ለማዋረድ ባዘጋጀው ትርኢት ላይ አቀረባቸው። ሠዓሊው በዚያው ዓመት ወደ ኖርዌይ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ወደ ብሪታንያ ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 እስኪሞትም ድረስ በስደት አገሩ ያገኘውን የአውቶቡስ ትኬትና መጠቅለያ መለጠፉን ቀጠለ። ስለዚህ ኮላዥን ማንም የለጠፈው ቁርጥራጭ አድርጎ መናቅ ስሕተት ነው፤ ሊመዘን የሚገባው እያንዳንዱ ቁራጭ በተመረጠበት ጥንቃቄና ቦታውን ባገኘበት ቅንብር ነው።