ከመኖሪያ ቤት ወደ ሆቴል፦ ሁለት የባዝ ቤቶችና የኢትዮጵያ ታሪክ

አንድ ታሪካዊ መኖሪያ ቤት ባለቤቶቹ ከለቀቁት በኋላ ከመፍረስ የሚድነው በአብዛኛው አዲስ አገልግሎት ሲያገኝ ነው። ይሁንና ግድግዳው ተርፎ ትዝታው ሊጠፋ ይችላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የሚገኙና ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተሳሰሩ ሁለት ቤቶችን በማነጻጸር ይህን ልዩነት ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ቬሎር ቤት ይባል ነበር። በ1830ዎቹ ለአንድ ጄኔራል መኖሪያነት የታነጸ ሲሆን፣ ኋላ ትምህርት ቤት ሆነ፤ በ1912 ደግሞ ባዝ ስፓ ሆቴል ተብሎ ተከፈተ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 በስደት ወደ ባዝ ሲመጡ በመጀመሪያ ያረፉት በዚህ ሆቴል ነበር። ሆቴል ግን ህልውናው በገበያ ላይ የቆመ ነው፤ እንግዳውም አላፊ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያ ከብዙዎቹ እንግዶች አንዱ ነበሩ።

ሁለተኛው ፌርፊልድ ቤት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት ገዝተውት እስከ 1940 ኖረውበታል፤ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተሰኘው መጽሐፋቸው የመጀመሪያ ክፍልም የተጻፈው በባዝ ስደታቸው ዘመን ነው። ከድል በኋላ በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለከተማው አበረከቱት። ስጦታው ከዓላማ ጋር የተሰጠ በመሆኑ የቤቱ አገልግሎትና የሰጪው ስም ሳይነጣጠሉ ቆይተዋል።

ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት ሆቴልነት ጎጂ ነው የሚል አይደለም። ቬሎር ቤትን እስከ ዛሬ ያቆየው አዲሱ አገልግሎቱ ነው። አስፈላጊው ነገር ቤቱ አገልግሎቱን ሲለውጥ ማን እንደኖረበትና ምን እንደተሠራበት አብሮ መመዝገቡ ነው።

ጉዳዩ ለአዊም ሩቅ አይደለም። በ1941 ንጉሠ ነገሥቱን ወደ መንበራቸው ለመመለስ የዘመተው የጌዴዎን ጦር ከበላያ ተነሥቶ በእንጅባራ በኩል ወደ ቡሬ አልፏል። ከዚያ ቀደም ብሎም ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ጣና ሐይቅንና የዓባይን ሸለቆ አጥንቷል። በዞኑ የሚገኙ የቆዩ ቤቶች ለሆቴልም ሆነ ለቢሮ ከመዋላቸው አስቀድሞ የነዋሪዎቻቸው ታሪክ ከአረጋውያን ቃልና ከሰነድ ተሰብስቦ ሊመዘገብ ይገባል፤ ቤት ሊታደስ ይችላል፣ ምስክሩ ካለፈ በኋላ ግን የሚጠየቅ አይገኝም።