ሌዘሩ ለጋሼ እግር

ባለፈው እሑድ እዚህ አቮንዴል እስቴትስ፣ በሐይቁ ዙሪያ ስንንሸራሸር ጋሼ (የሰፈራችን አባት ናቸው) ትንሽ ያነክሱ ነበር። «ውስጥ እግሬ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች፤ ጫማ መትቶኝ ይሆናል» አሉኝ። ሐኪም ይያት ስላቸው ሳቁብኝ። «የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው! ካልሆነም ያንተን ሌዘር አብራባት!» የብርሃን መለኪያ መሣሪያ መሐንዲስ ነኝና ቀልዱን በቁም ነገር ወሰድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምራዊ ሌዘር ቆዳ ላይ ሲያርፍ በውስጡ ያሉ ንጥረ ነገሮች፣ በተለይ ኮላጅን፣ ብርሃኑን ውጠው ወዲያው በሌላ ቀለም መልሰው ይተፉታል። በምሽት ክበብ ሐምራዊ መብራት ሥር ነጭ ሸሚዝ እንደሚያበራው ማለት ነው። ይህ ፍሎረሰንስ ይባላል። ካንሰር የገባበት ቆዳ ኮላጅኑም የሴሎቹ አሠራርም ስለሚለወጥ የሚመልሰው ብርሃን ከጤነኛው ይለያል። ይህን የሚለካው ቆዳ ላይ የሚያርፍ ቀጭን የመስታወት ክር ነው፤ ምላጭም ደምም የለም።

ከአትላንታ በመኪና ጥቂት ሰዓት ርቆ፣ በቴነሲ ኖክስቪል፣ ተመራማሪዎች በ410 ናኖሜትር ሌዘር ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳተሙ። ሜላኖማ ያልሆኑ የቆዳ ካንሰሮችን እጅግ ነጭ በሆነ ቆዳ ላይ በ93 ከመቶ ትክክለኛነት ለዩ። ቆዳው ጠቆር ሲል 89፣ ከዚያም 78 ሆነ። ሐኪሞች ቆዳን በስድስት ደረጃ ይከፍላሉ፤ ጥናቱ ሦስተኛው ላይ ቆመ። አብዛኞቻችን ከዚያ በላይ ነን።

ምክንያቱ ሜላኒን ነው። ከፀሐይ የሚጠብቀን ያው ጥቁር ቀለም ሐምራዊውን ብርሃን ሲገባም ሲወጣም ይውጠዋል። ለመሣሪያው የሚተርፈው ጭላንጭል ነው።

የጋሼ ነጥብ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለባት። ሜላኖማ በጥቁሮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ኢትዮጵያን ሲጎበኝ በሽታው ከአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ከተገኘ ዓመት አልፎት ነበር። በ1981 ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በብርሃን የሚሠራ (ፍሎረሰንስ ግን ያልሆነ) በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ሲፈቅድ፣ በጥናቱ በበቂ ያልተካተቱ ሰዎች ላይ ተጨማሪ ሙከራ እንዲደረግ አዟል። እነዚያ ሰዎች እኛ ነን።

ስለዚህ ለጋሼ ያልኳቸው ይህን ነው፦ ለጊዜው የሚታመነው ምላጩ ነው፤ ትንሽ ናሙና ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አጉረመረሙ። ቀጠሯቸው ማክሰኞ ነው፤ የምወስዳቸው እኔ ነኝ።