እውነት ወይስ ተረት? «ትምህርት የጨረሰ ልጅ በቤተሰቡ ደብተር መድኃኒት አያገኝም»

ከደጀን ተነስቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች፣ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ወይም አቋርጦ ቤት ሲቀመጥ እናትና አባት ከሚጨነቁባቸው ነገሮች አንዱ የመድኃኒት ወጪ ነው። «ከእንግዲህ ተማሪ አይደለም፤ በእኛ የጤና መድህን ደብተር አይታከምም» ይባላል። ይህ አባባል ጉዳት የሚያደርሰው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። እውነት የሆነው ግማሽ ሰውን ያሳምነዋል፤ ውሸት የሆነው ግማሽ ደግሞ መፍትሔውን ይደብቅበታል።

ጉንፋን ለያዘው ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ላይመስል ይችላል። በየቀኑ ኢንሱሊን ለሚወጋ፣ ለሚጥል በሽታ ክኒን ለሚወስድ፣ አስም ላለበት፣ ወይም ከቶንሲል በመጣ የልብ ሕመም ምክንያት በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለሚወጋ ልጅ ግን የአንድ ወር ክፍተት እንኳ ከባድ ነው። ትምህርት ጨርሶ ወደ ቤት የሚመለሰው ልጅ ደግሞ ጥቂት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ከእነዚያ ሁሉ ብዙዎቹ ተመልሰው የገቡት የወላጆቻቸው ቤት ነው። ስለዚህ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

ተረት፦ «ትምህርት ያቆመ ልጅ ከቤተሰቡ መድህን ይወጣል።»

እውነቱ፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ልጅን የሚለየው በዕድሜው ነው፤ የትምህርት ደረጃውን አይጠይቅም። አባት፣ እናትና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በአንድ የቤተሰብ መዋጮ ይታቀፋሉ። 18 የሞላው ልጅ በዚያው ጣሪያ ሥር ቢኖርም እንደ ተጨማሪ አባል ስለሚቆጠር፣ ስሙ ደብተሩ ላይ እንዲቆይ ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልለታል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሁለት ልጆች እንየው። አንዱ ከዘጠነኛ ክፍል ትምህርት አቁሞ ከአባቱ ጋር የሚያርስ የ16 ዓመት ልጅ ነው እንበል። ይህ ልጅ ከመድህን አልወጣም፤ ቤተሰቡ መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ እንደ ታናናሾቹ ይታከማል። ሌላው ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ ትምህርት ዘግይቶ የጀመረ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ 19 ዓመት የሞላው ተማሪ ነው። ለእሱ ተጨማሪ ካልተከፈለ፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ሽፋኑን አጥቷል። ቤተሰቡ ይህን የሚያውቀው ልጁ የታመመ ቀን ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ነው። ለዚህ ነው ትምህርት መጨረስን የምንጠብቅ ሰዎች የምንዘገየው። ጥያቄው የሚነሳው ልጁ 18 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ነው፤ ያ ደግሞ ለብዙ የገጠር ልጆች ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አንድ ሁለት ዓመት ቀድሞ ይመጣል።

አባባሉ ከየት መጣ ቢባል፣ አንዱ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ይመስለኛል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በግቢው ክሊኒክ ይታከማል፤ ሲመረቅ ወይም ሲያቋርጥ ያ አገልግሎት ያበቃል። ያ ግን የግቢው አገልግሎት እንጂ የወረዳው መድህን አይደለም። ሌላው ምንጭ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን የሚነግሩን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ በእርግጥ ከትምህርት ጋር የተሳሰረ ነው፤ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ እንዲሁም ከ16 እስከ 18 ሆኖ ሙሉ ቀን የሚማር ልጅ ለሐኪም ማዘዣ አይከፍልም፤ ከዚያ በኋላ ገቢው ዝቅተኛ መሆኑን ካላሳየ ወይም ሌላ ነጻ የሚያደርገው ምክንያት ከሌለ ይከፍላል። እዚያው ጎረቤት ዌልስ ደግሞ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም ክፍያ የለም። አሜሪካ ልጅ እስከ 26 ዓመቱ ድረስ በወላጆቹ ኢንሹራንስ ሊቆይ ይችላል። እያንዳንዱ አገር የራሱን መስመር አስምሯል። ለንደን ያለች አክስት በስልክ የምትነግረን የለንደኑን ነውና፣ ሞጣ ላይ ያለውን የሞጣ ቀበሌ ይንገረን።

ተረት፦ «ገንዘብ ስለሌለን የታመመውን ልጅ ብቻ እናስመዝግብ።»

እውነቱ፦ ምዝገባው በቤተሰብ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም የታመመውን ብቻ ቢያስገባ ቋቱ በጥቂት ወራት ባዶ ይሆናል። ይህ ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ የተመረጡት። ደቡብ አቸፈር የእኛው ጎጃም ናት። ያኔም የተጀመረው በቤተሰብ ነበር። ስለዚህ የታመመ ወጣት ያለበት ቤት ቤተሰቡን ሙሉ አስመዝግቦ፣ 18 ለሞላው ደግሞ ተጨማሪውን ይከፍላል። ከወላጆቹ ወጥቶ ብቸና ከተማ ቤት ተከራይቶ በግል ሥራ የሚተዳደር ወጣት ግን ራሱን ችሎ እንደ አንድ አባወራ ወይም እማወራ መመዝገብ ይችላል።

የመንግሥት ወይም የድርጅት ቅጥር ያገኘው ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው። ለደመወዝተኛ የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጁ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ቢሆንም ለረጅም ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። ስለዚህ አዲስ ተቀጣሪ ውል ሲፈርም መሥሪያ ቤቱ ለሕክምናና ለመድኃኒት ምን እንደሚሸፍን ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ተረት፦ «የነጻ ሕክምና የአረጋውያን ነው፤ ጤናማ እጅና እግር ላለው ወጣት አይሰጥም።»

እውነቱ፦ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮ በክልሉና በወረዳው በጀት ይሸፈናል። መለኪያው የቤተሰቡ ድህነት ሲሆን፣ የሚመረጡትም በቀበሌ ደረጃ ማኅበረሰቡ በሚሳተፍበት ማጣራት ነው። ዕድሜ ብቻውን አያስገባም፤ አያስወጣምም። መሬት የሌላት፣ ሁለት ታናናሾቿን የምታሳድግ የ20 ዓመት ልጅ ከማንም ያላነሰ ይገባታል። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ወጣት በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ድህነቱ መናገር ያፍራል፤ ሌላውም ሰው ጉልበቱን እያየ «ሠርቶ ይብላ» ይላል። ሕመሙ ግን ፊት ላይ አይታይም። የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ቆሞ ሲታይ እንደማንኛውም ጎበዝ ነው። ስለዚህ ማጣራቱ ሲካሄድ የቤቱን ሁኔታ የሚያውቅ ዘመድ ወይም ጎረቤት ተነስቶ ይናገርለት። ይህ ምስክርነት ነው፤ ልመና ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ተረት፦ «ደብተር ካለ መድኃኒት ሁሉ ነጻ ነው።»

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያስቆጣውና መድህኑን የሚያስጠላው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ደብተሩ የሚሠራው ውል በገባ የመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ ነው። መነሻው ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በሪፈር ወደ ብቸና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ወይም ወደ ሞጣ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም በላይ ካስፈለገ ወደ ደብረ ማርቆስ ይኬዳል። ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ እንዲከፍል ይጠየቃል። መድኃኒቱም የሚሰጠው ከተቋሙ የመድኃኒት ክፍል ነው። የዓይን መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምናና የመሳሰሉት በሽፋኑ አይካተቱም።

እስከዚህ ያለው ሕጉ ነው። ኑሮው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሐኪሙ ያዝዛል፣ መድኃኒት ክፍሉ «የለም፤ ከውጭ ግዙ» ይላል። የመንግሥት ተቋማት መድኃኒት በዋናነት የሚያገኙት በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ከተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ከሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር፣ ጨረታ ሲዘገይ፣ መንገድ ሲዘጋ መደርደሪያው ይራቆታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ጦርነት ደግሞ የመድኃኒት ጭነትንም የታካሚን ጉዞም አክብዶታል። በዚህ ላይ መድህን የከፈለ ገበሬ ከግል መድኃኒት ቤት በእጥፍ ሲገዛ «ታዲያ ለምን ከፈልኩ?» ቢል ልክ ነው። ቁጣው ተገቢ ነው፤ ወደ ማን እንደሚቀርብ ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

መድኃኒት በጠፋ ቀን የሚደረጉ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ ወደ ሐኪሙ ተመልሶ፣ በተቋሙ ውስጥ ያለ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ መድኃኒት እንዳለ መጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ የታዘዘው ባይኖር የቅርብ ዘመዱ ይኖራል፤ ለመቀየር ግን የሐኪሙ ፊርማ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ማዘዣው ላይ «በተቋሙ የለም» ተብሎ እንዲጻፍበትና ማኅተም እንዲያርፍበት መጠየቅ፣ የገዙበትንም ደረሰኝ ማስቀመጥ ነው። ይህን ይዞ ወደ ወረዳው የጤና መድህን ጽሕፈት ቤት መሄድ ይገባል። ገንዘቡ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም። ሆኖም መድህኑ ከተቋሙ ጋር የገባው ውል ስላለ፣ የጠፋው መድኃኒት በወረቀት ካልተመዘገበ ማንም ተጠያቂ አይሆንም። ሦስተኛው፣ በየወሩ የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው የመጨረሻዋን ክኒን ውጦ አይሂድ፤ አሥር ቀን ሲቀረው ይሂድ። በእነዚያ አሥር ቀናት ሌላ ጤና ጣቢያ መጠየቅም፣ ወደ ሞጣ ወይም ወደ ብቸና ሰው መላክም ይቻላል።

ተረት፦ «ርካሹ መድኃኒት ውሃ ነው፤ የሚያድነው ውዱ ነው።»

እውነቱ፦ የመድኃኒት ማዘዣ ላይ ዋናው የንጥረ ነገሩ ስምና መጠኑ ነው። ፓኬቱ የሚያምረው የአውሮፓ ክኒንና የአገር ውስጥ ወይም የሕንዱ ክኒን ተመዝግበው በሕጋዊ መንገድ እስከገቡ ድረስ ሥራቸው አንድ ነው። የዋጋው ልዩነት ግን ለአንድ ወጣት የአንድ ወር የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፋርማሲ ገብታችሁ «በዚህ ስም ርካሹ የቱ ነው?» በሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው ለሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው፤ እሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ፋብሪካ ስትቀይሩ ሐኪማችሁ ይወቀው። ከገበያ ላይ በጉልት የሚሸጥ ክኒን ደግሞ በምንም ዋጋ ርካሽ አይባልም።

በዚህ ጉዳይ ምሥራቅ ጎጃም የሚኮራበት ታሪክ አለው። የመድኃኒት ክምችቱና ሽያጩ በሙሉ በሰነድ እንዲታይና ኦዲት እንዲደረግ የሚያስገድደው አሠራር፣ ዛሬ በአገሪቱ ብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራበት፣ መጀመሪያ የተሞከረው በ2003 ዓ.ም. ገደማ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ስለዚህ በመንግሥት ተቋም የመድኃኒቱን ዋጋና ደረሰኝ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ተረት፦ «የኤችአይቪና የቲቢ መድኃኒትም ከትምህርት በኋላ ይከፈልበታል።»

ፈጽሞ ሐሰት ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ነው የሚሰጠው። የቲቢ ሕክምናም፣ የቤተሰብ ዕቅድም፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድም በመንግሥት ተቋም ነጻ ናቸው። ለእነዚህ የመድህን ደብተርም፣ የተማሪ መታወቂያም አይጠየቅም።

ተረት፦ «ገንዘብ እስኪገኝ መድኃኒቱን ልቀንሰው፤ አንድ ቀን እየዘለልኩ ልውሰደው።»

ይህን የሚሉት ሰነፎች አይደሉም፤ ለቤተሰባቸው የሚያዝኑ ልጆች ናቸው። አባቱ በሬ እንዳይሸጥ ብሎ ኢንሱሊኑን በግማሽ የሚወጋ ልጅ አለ። ነገር ግን ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ሰው ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሊገባ፣ ሊሞትም ይችላል። የሚጥል በሽታ ክኒን በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከቀድሞው ብሶ፣ መቆሚያ በሌለው መንቀጥቀጥ ሊመለስ ይችላል። ቤንዛቲን የዘለለ ወጣት ዛሬ ምንም አይሰማውም፤ ከዓመታት በኋላ ግን የልቡ በር ተጎድቶ ሊያገኘው ይችላል። ልጆቻችን ይህን ቁጠባ ተደብቀው እንዳያደርጉት፣ እኛ ቀድመን «መድኃኒትህ ስንት ቀን ቀረው?» ብለን እንጠይቃቸው።

እናቶችና አባቶች፣ ዘንድሮ ቤታችሁ ውስጥ 18 ዓመት የሚሞላው ልጅ ካለ፣ ቢማርም ባይማርም፣ ቢታመምም ባይታመምም፣ ደብተራችሁንና የልጁን ፎቶግራፍ ይዛችሁ ወደ ቀበሌ ሂዱ። መዋጮው የሚሰበሰበው አብዛኛውን ጊዜ እህሉ ከአውድማ ገብቶ ገበሬው እጁ ላይ ጥሪት በሚኖርበት ወራት ነው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የመጣ ሰው ሊጠብቅ ይችላል። የዘንድሮው ተጨማሪ መዋጮ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ክፈሉ፤ የልጁ ስም ደብተሩ ላይ መጻፉን በዓይናችሁ ሳታዩ አትመለሱ። ከዩኒቨርሲቲ የምትመለሱ ልጆችም ከግቢው ክሊኒክ የሕክምና ታሪካችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን አጽፋችሁ፣ ማኅተም አስደርጋችሁ ይዛችሁ ኑ።