በማኒላ የተቀረጸ ርካሽ ደም

ፊሊፒንስ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ደምና እርቃን ገላ እያሳዩ ገንዘብ የሚሰበስቡ ርካሽ ፊልሞች ዋነኛ መሥሪያ ነበረች። ፈር ቀዳጁ ጄራርዶ ደ ሊዮን ዳይሬክት ያደረገውና ኤዲ ሮሜሮ በፕሮዲዩሰርነት የተሳተፈበት «ቴረር ኢዝ ኤ ማን» (1959) ነው። ሁለቱ ቆየት ብለው «ብለድ አይላንድ» በተባለች ልብ ወለድ ደሴት ላይ አስፈሪ ፊልሞች ሠሩ። በ1969 የወጣው አንዱ አሜሪካ ሲታይ ለተመልካቹ አረንጓዴ ፈሳሽ በትንሽ ከረጢት ይታደል ነበር፤ ፊልሙ ሲጀምር መሐላ ምሎ «አረንጓዴውን ደም» እንዲጠጣ ይጋበዛል። ድርሰቱ የረባ ባይሆንም አሻሻጮቹ ሥራቸውን ያውቁ ነበር።

ገበያው የደራው ግን አሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ሮጀር ኮርማን በ1970 ኒው ወርልድ ፒክቸርስ የተባለውን የፊልም ኩባንያ ካቋቋመ በኋላ ነው። የፊሊፒንስ ዋና ከተማ ማኒላ እንግሊዝኛ የሚያውቅና ልምድ ያለው ባለሙያ ነበራት፤ ጫካው ቅርብ፣ ክፍያውም ዝቅተኛ ነበር። ዳይሬክተር ጃክ ሂል ለዚሁ ኩባንያ በ1971 እዚያው የሠራው «ዘ ቢግ ዶል ሃውስ» የሴቶች እስር ቤትን ግርፋትና እርቃን ሸቀጥ አድርጎ አተረፈበት። ተዋናይቷን ፓም ግሪየርን ያስተዋወቀውም ይኸው ፊልም ነው። በመጨረሻ እስረኞቹ መሣሪያ አንስተው ያምፃሉ፤ ስለዚህ አንዳንድ ተቺዎች የሴቶችን ጉልበት አይተውበታል። ይሁንና ካሜራው ከአመፁ በፊት ገላቸው ላይ ሲንከራተት የሚያጠፋው ጊዜ ክርክሩን ያዳክመዋል።

የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ በመስከረም 1972 ወታደራዊ ሕግ ሲያውጁ ሺዎች ያለ ፍርድ ታሰሩ፤ የተሰቃዩም ብዙ ናቸው። የውጭ ፊልም ሠሪዎች ግን አልሄዱም። ከእነዚህ ርካሽ ፊልሞች የማይመደበው የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «አፖካሊፕስ ናው» እንኳ በ1976 ሲቀረጽ፣ ከመንግሥት የተከራያቸው ሄሊኮፕተሮች አማፂያንን ለመውጋት ከቀረጻው መሀል ተነሥተው ይሄዱ ነበር። ግርፋትን መዝናኛ አድርጎ መሥራት በየትም አገር ያጠያይቃል፤ እውነተኛ ገራፊ ባለበት ከተማ ሲሠራ ግን ጥያቄው ይከብዳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የዌንግ ዌንግ ታሪክ ነው። ቁመቱ 83 ሳንቲ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ተዋናይ በጄምስ ቦንድ ማላገጫ «ፎር ዩር ሃይት ኦንሊ» (1981) ዝናው ባሕር ተሻገረ። ፊልሙ በ1982ቱ የማኒላ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ለውጭ ገዢዎች ተቸበቸበ፤ እሱ ግን በ1992 በ34 ዓመቱ በድህነት ሞተ። ደ ሊዮንና ሮሜሮ በአንጻሩ «ብሔራዊ አርቲስት» የሚለውን ከፍተኛ ማዕረግ አግኝተዋል፤ ያስከበራቸው ግን በዋናነት ለአገራቸው ተመልካች የሠሩት ነው።