አሸዋማ ጓሮን በጉዝጓዝ ብስባሽ መመገብ

በአምቦ አካባቢ ለሕንጻ ሥራ የሚጠረበው ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ተፈረካክሶ አፈር በሆነበት ተዳፋት ላይ የተተከለ ጎመንና ድንች በሰኔ አምሮ ይታይና ነሐሴ ሲደርስ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ይገረጣል። አሸዋማ አፈር ውሃም ምግብም ስለማይዝ የክረምቱ ዝናብ ናይትሮጂኑን አጥቦ ከሥሩ በታች ያወርደዋል። ስለሆነም እንዲህ ያለ መሬት ማዳበሪያውን ከፋፍሎ መስጠት ያስፈልጋል።

«ፍግ ጨምሩ» ማለት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ በምዕራብ ሸዋ ደጋ እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፤ ተርፎም ገበያ ይወጣል። ሌላ ማገዶ የሌላትን እመቤት ኩበት አታንጂ ብሎ መምከር የልማት ሠራተኛውን ሰሚ ከማሳጣት በቀር ጥቅም የለውም። የሚሻለው ማንም የማያነደውን መፈለግ ነው።

ከብት ከሚያስወጣው ናይትሮጂን ግማሽ ያህሉ በሽንት ይወጣል፤ አብዛኛው ፖታሽም እንዲሁ። ይህ ሁሉ በጋጣው ወለል ሰርጎ ይቀራል። ከብቱ የተወው ገለባና አገዳ በጋጣው ይጎዝጎዝ፤ ሽንት ሲጠጣ እየተነሣ በጥላ ሥር ይከመር። የኮርች ለጋ ቅጠል ቢጨመርበት መልካም ነው፤ ኮርች እንደ ባቄላ ናይትሮጂን ከአየር የሚወስድ ዛፍ ነውና። ክምሩ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ በየ3 ሳምንቱ ይገላበጥ። ተጨብጦ ሲጨመቅ እጅን ያርጥብ እንጂ አያንጠባጥብ። ከ3 እስከ 4 ወር ይደርሳል፤ ለሰኔ ተከላ የሚፈለገው በጥር ወይም በየካቲት ይጀመር። የምድጃ አመድ ግን እዚህ ውስጥ አይግባ፤ ናይትሮጂኑን በአሞኒያ መልክ ወደ አየር ያስወጣዋል። ለብቻው ደርቆ ተቀምጦ ኋላ በጓሮው ላይ በስሱ ይበተን።

ብስባሹ በማሳው ሁሉ አይበተን። ግማሹ በተከላ ጊዜ በየጉድጓዱ ይግባ፤ የቀረው በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ አጋማሽ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ተጨምሮ አፈር ይልበስ፤ በላዩም ሣር ይነስነስበት።

የባኮ አካባቢ ገበሬ ነገሩን በሌላ መንገድ ያውቀዋል፤ የከብቱን ማደሪያ በረት በማሳው ላይ ከቦታ ቦታ እያዛወረ እበቱንም ሽንቱንም እዚያው ያስቀራል። ለጓሮ ስፋቱ አይበቃም እንጂ ሽንቱን ባለማባከኑ ከጋጣው ይበልጣል።

ከብት የሚያደልቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጉዝጓዙን ለአባላት ቢያከፋፍሉ ሁለት መደብ ጎን ለጎን፣ አንዱን በብስባሽ ሌላውን ያለ ብስባሽ፣ አስተክለው በነሐሴ ጎረቤት ይጥሩበት።