“ሙሉ ኢንሹራንስ አላት” ሲሏችሁ “ለማን?” በሉ

ጋምቤላ ውስጥ ሰርግ ሲደርስ ከቬሎ ቀጥሎ የሚታሰበው መኪና ነው። ዘመድ ከኢታንግ ወይም ከአቦቦ ማምጣት አለ፤ ሚዜ ማመላለስ አለ፤ ባሮ ዳር ፎቶ መነሳት አለ። ይሄ ሁሉ በባጃጅ አይሆንምና ሚዜዎች ገንዘብ አዋጥተው ፒክአፕ ወይም ላንድክሩዘር ይከራያሉ። ዋጋ ላይ ሽንጣቸውን ገትረው ይከራከራሉ። “ብትጋጭስ?” ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የጠየቀም ቢኖር አከራዩ “ኧረ አታስብ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ አላት!” ይለዋል። በቃ፣ ቁልፉን ይቀበላል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚህቺው “ሙሉ” ስለምትባል ቃል ነው። ስንቱን ኪስ እንዳራቆተች ብታውቁ!

የሦስቱ ጓደኛሞች ነገር

ስማቸውን የማልጠቅሳቸው ሦስት ጓደኛሞች ለሰርግ አንዲት ፒክአፕ ያለ ሾፌር ተከራዩ። ከዋናው መንገድ ወጣ ብለው እንግዳ ሊያመጡ ሲሄዱ ዝናብ ያዛቸው። መረሬ አፈር ሲርስ ሳሙና ማለት ነው። መኪናዋ ተንሸራታ ከዛፍ ጋር ተላተመች። እግዜር ይመስገን ሰው አልተጎዳም፤ ፓራፋንጎዋ፣ የፊት መብራቷና አንድ በሯ ግን እንዳልነበሩ ሆኑ። ልጆቹም “ኢንሹራንስ አላት” ብለው ተጽናኑ።

ጉዱ የመጣው ኢንሹራንሱ ጋ ሲደረስ ነው። መኪናዋ ዋስትና የተገባላት “ለግል አገልግሎት” ተብሎ ነበርና፣ በኪራይ ላይ እያለች ለደረሰባት ጉዳት ኩባንያው አልከፍልም አለ። ባለቤቱም ፊቱን ወደ ልጆቹ አዞረ። አንደኛው ባጃጅ ሊገዛ ሁለት ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ ጋራዥ ገብቶ ቀረ። “እኔ እኮ ሙሉ ሲለኝ ለእኔም መስሎኝ ነበር” አለኝ። አልፈርድበትም፤ ብዙዎቻችን የምናስበው እንደዚያው ነው።

ለመሆኑ “ሙሉ” ምንድነው?

በአገራችን የመኪና ዋስትና በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የሦስተኛ ወገን የሚባለው ነው። በ2000 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ግዴታ ሆነ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ይሄኛው መኪናዋ ሌላ ሰው ወይም የሌላ ሰው ንብረት ስትጎዳ ለተጎጂው የሚከፈል ነው፤ ለራሷ ለመኪናዋ ግን አምስት ሳንቲም አያወጣም። ሁለተኛው ሙሉ ሽፋን ነው፤ ባለቤቱ ወዶ ይገዛዋል። ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳትና ስርቆት የሚይዘው እሱ ነው።

ልብ በሉ! ውሉ የተፈረመው በባለቤቱና በኩባንያው መካከል ነው። የእናንተ ስም የለበትም። እንዲያውም በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት ኩባንያው ለባለቤቱ ካሣ ከከፈለ በኋላ፣ በባለቤቱ ቦታ ተተክቶ ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው መጠየቅ ይችላል። ባለቤቱ ተካሰ ማለት እናንተ ዳናችሁ ማለት አይደለም።

ተቀናሿን አትርሷት

ሌላዋ ጣጣ ተቀናሽ ወይም ኤክሰስ የምትባለው ናት። ኩባንያው ጉዳቱን በሙሉ አይከፍልም፤ የተወሰነውን ባለመኪናው ራሱ እንዲችል ያደርጋል። ዓላማው በየጭረቱ ካሣ እንዳይጠየቅና ሰውም ለንብረቱ እንዲጠነቀቅ ነው።

ለማስረዳት ያህል፣ ውሉ “ከጉዳቱ 10 በመቶ፣ ነገር ግን ከ5,000 ብር ያላነሰ” ይላል እንበል። ጥገናው 80,000 ብር ከሆነ ተቀናሹ 8,000 ነው፤ ኩባንያው 72,000 ይከፍላል። ጥገናው 30,000 ከሆነ 10 በመቶው 3,000 ቢሆንም ተቀናሹ 5,000 ይሆናል። ጥገናው 4,000 ብቻ ከሆነ ደግሞ ኩባንያው ምንም አይከፍልም። ታዲያ ይህቺን ተቀናሽ አከራዮች በኪራይ ውሉ ወደ ተከራዩ ያዞሯታል። መኪናዋ ጋራዥ በምትቆምባቸው ቀናት የሚቀረውንም ኪራይ የሚጠይቁ አሉ።

የመኪናዋ ግምትም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪና ዋጋ ንሯል። ሚሊዮን ብር የምታወጣ መኪና በግማሽ ዋጋዋ ዋስትና ተገብቶላት ከሆነ ካሣውም በዚያው ልክ ሊቀነስ ይችላል። ልዩነቱን ማን ይሙላ? ውሉ ዝም ካለ ዓይን የሚያርፈው እናንተ ላይ ነው።

የጋምቤላ መንገድ ሲሆን

እዚህ የሚበዛው አደጋ የጎማ መፈንዳት፣ የመስታወት መሰንጠቅና ከሥር በድንጋይ መመታት ነው። ጎማ ብቻውን ሲጎዳ ብዙ ውሎች አይሸፍኑትም። ጎርፍም አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ሞልቶ ከተማው ድረስ ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 7 ቀን ደግሞ ከተማው ውስጥ ተኩስ እንደነበር የሚረሳ የለም። ሁከትና የፖለቲካ ብጥብጥ በተራው ውል ብዙ ጊዜ አይካተትም፤ ለብቻው ተጨምሮ የሚገዛ ነው። ስለዚህ ጎርፍና ሁከት መካተታቸውን በስማቸው ጠይቁ።

ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት

1ኛ. የኢንሹራንሱን ውል በዓይናችሁ እዩ። “ለኪራይ” ይላል ወይስ “ለግል”? ጊዜውስ አላለፈም?

2ኛ. ተቀናሹ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው በኪራይ ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። “የእናንተ ዕዳ ከዚህ ብር አይበልጥም” የሚል መስመር አስገቡ። በውጭ አገር አከራይ ድርጅቶች በየቀኑ ተጨማሪ ገንዘብ እያስከፈሉ ለተከራዩ የሚሸጡት ይህንኑ መስመር ነው።

3ኛ. ኩባንያው ለባለቤቱ ከከፈለ በኋላ ወደ እናንተ ይመጣ እንደሆነ ባለቤቱ ከኩባንያው በጽሑፍ ያምጣላችሁ።

4ኛ. የነበረውን ጭረት፣ የጎማውን ሁኔታና ኪሎ ሜትሩን ባለቤቱ ባለበት በስልክ ፎቶ አንሱ።

5ኛ. መሪውን የሚይዘው ለዚያች መኪና የሚሆን መንጃ ፈቃድ ያለውና ያልጠጣ ሰው ብቻ ይሁን። “እስቲ አንዴ ልንዳት” የሚል ሚዜ ሽፋኑን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

6ኛ. ከተጋጫችሁ ትራፊክ ፖሊስ ጥሩ፤ ለባለቤቱ ወዲያው ደውሉ። ከባለቤቱና ከኩባንያው ፈቃድ በፊት ጋራዥ አታስገቡ።

ገንዘብ ካልጎደላችሁ ደግሞ ከነሾፌሩ ተከራዩ። የባለቤቱ ሾፌር ሲያጋጭ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር፣ ሸክሙ የባለቤቱ ነው።

“እንዲህ ስጠይቅ ሰውዬው ይቀየመኛል” የምትሉ ይሉኝተኞች አትጠፉም። የሚቀየም አከራይ ካለ ሌላ ፈልጉ። ዛሬ አምስት ደቂቃ ማፈር ነገ የባጃጅ መግዣ ከመክፈል ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ነገሩ!